በዚፕ የሚዘጋው የኪስ የጸሎት መጽሐፍ፦ ሥራ ለሚበዛበት ክርስቲያን ምን ያህል ይረዳል?

በአዲስ አበባ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ዙሪያ ባሉት የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ሱቆች፣ ከጧፉ፣ ከዕጣኑ፣ ከመቁጠሪያውና ከነጠላው ጎን አንድ ዓይነት መጽሐፍ በብዛት ተደርድሮ ይታያል። ቁመቱ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ ውፍረቱ ግን ሦስት ጣት ይደርሳል። ሽፋኑ ቆዳ መሰል ሆኖ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ፊቱ ላይ በወርቅማ ቀለም መስቀል ታትሞበታል፤ ዙሪያውን ደግሞ በዚፕ ይዘጋል። አንዱን ገዝቼ ከጾመ ነቢያት መግቢያ እስከ ዐቢይ ጾም ማብቂያ ድረስ ከቦርሳዬ ሳላወጣው ስለ ቆየሁ፣ ስለ ጥቅሙም ስለ ጉድለቱም ለመናገር የሚያበቃ ትውውቅ አለን ብዬ አምናለሁ። አሳታሚውን በስም አልጠራም፤ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸውን ጥራዞች የሚያወጡ ብዙዎች ናቸውና አብዛኛው አስተያየቴ ለሁሉም የሚሠራ ነው። የኅትመት ስሕተትን በተመለከተ የምለው ግን እኔ እጅ ስላለው ቅጂ ብቻ እንደ ሆነ ይታወቅልኝ።

መጽሐፉን የመዘንሁት በአንድ ጥያቄ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥቶ ከመሸ በኋላ የሚመለስ፣ መንገዱ ብቻ ግማሽ ቀን የሚመስለው የከተማ ሠራተኛ፣ ጸሎቱ ከዕለቱ ሥራ የተረፈ ፍርፋሪ ጊዜ ሳይሆን የራሱ ቦታ እንዲኖረው ይህ መጽሐፍ ያግዘዋል ወይ? የሽፋኑ ማማርም ሆነ የይዘቱ ብዛት በዚህ መስፈርት ካልታየ፣ መጽሐፉ መደርደሪያን ከማስጌጥ አያልፍም።

ይዘቱን በአጭሩ ልግለጽ። መጀመሪያ የዘወትር ጸሎት ይመጣል፤ ቀጥሎ ውዳሴ ማርያም የሰባቱ ቀን በግእዝና በአማርኛ ጎን ለጎን፣ ከዚያም አንቀጸ ብርሃንና ይዌድስዋ መላእክት ይከተላሉ። መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ፣ የመላእክትና የሰማዕታት መልኮች (መልክ ማለት የሚመሰገነውን ከራስ እስከ እግር እየጠቀሰ የሚያወድስ ድርሰት ነው)፣ ሰይፈ ሥላሴና ሰኔ ጎልጎታ መካከሉን ይዘዋል። መጨረሻው ላይ መዝሙረ ዳዊት በአማርኛ ሙሉውን፣ የዮሐንስ ወንጌልም አብሮት አለ። የሸጠችልኝ ወጣት «እኅቴ፣ ይህን ከያዝሽ ሌላ መጽሐፍ አያስፈልግሽም፤ ሁሉን የያዘ ነው» ብላ ነበር። እውነቷን ነው፤ ሁሉን የያዘ ነው። ችግሩም ከዚያው ይጀምራል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ ግን ሊመሰገን የሚገባውን ላመስግን። የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ሀብት በአሳታሚው የተጨመረ ነገር ሳይሆን ከአባቶች የተወረሰው የቀን አከፋፈል ነው። በቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ስም የሚታወቀው ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ማልዶ የተነሣ ሰው «ዛሬ ምን ልጸልይ? የትስ ላቁም?» ብሎ የሚያባክነው ጊዜ የለም። ሰኞ ከሆነ የሰኞውን ይገልጣል፤ የሰኞው ሲያልቅ የዕለቱ ድርሻ አለቀ። በሥራ የተወጠረ ሰው ጸሎቱን የሚተወው ብዙውን ጊዜ ጸሎት ስለ ጠላ አይደለም፤ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ባለማወቁ «ሰፊ ጊዜ ሳገኝ» እያለ ስለሚያሳድረው ነው። ሰፊው ጊዜ ደግሞ አይመጣም። የቀን ድርሻ ተቆርጦ ሲሰጠው ግን ድርሻውን ከአውቶቡሱ ሰዓት ጋር ማስማማት ይችላል። የዘወትሩን ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ሳይጣደፉ ለማድረስ የሚወስደው ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ከአልጋ ሳንወርድ ስልክ በመነካካት ከምናጠፋው አይበልጥም።

ቀናቱ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውንም ወድጄዋለሁ። የሥራ ሳምንት የሚከፍተው የሰኞው ውዳሴ፣ ጌታ ልቡ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ነጻ ሊያወጣው፣ ወደ ቀደመ ቦታውም ሊመልሰው እንደ ወደደ በመናገር ይጀምራል፤ ከቅዳሜና እሑድ ዕረፍት በኋላ ፊቱን አጨፍግጎ ለሚነሣ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ መክፈቻ አላውቅም። ሐሙስ ላይ ደግሞ ሙሴ ያያት፣ እሳት እየነደደባት ያልተቃጠለችው ዕፅ ትመጣለች። መጽሐፉን ለጥቂት ወራት የያዘ ሰው ቀኑን በጸሎቱ መለየት ይጀምራል፤ ረቡዕ መሆኑን ከስልኩ ሳይሆን ከውዳሴው መነሻ ያስታውሳል።

የሰዓቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት፣ ማለትም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ የመኝታና የመንፈቀ ሌሊት፣ ከነምክንያታቸው በአንድ ገጽ ተቀምጠዋል፦ በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ፣ በ6 ሰዓት ጌታ መሰቀሉ፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን መስጠቱ፣ በ11 ሰዓት መቀበሩ ይታሰባል። ይህን ገጽ ከመሥሪያ ቤት ሰዓት ጋር ሳስተያየው የጠበቅሁትን ያህል አልተጋጨም። ከጠዋቱ 2:30 ገብቶ በ11:30 ለሚወጣ ሰው 3 ሰዓት ሥራ የሚሟሟቅበት፣ 6 ሰዓት ወደ ምሳ የሚቃረብበት፣ 9 ሰዓት ከሰዓት በኋላው የሚከብድበት፣ 11 ሰዓት ደግሞ ወረቀት መሰብሰብ የሚጀመርበት ነው። በእነዚህ ሰዓታት ከወንበር ሳይነሡ አቡነ ዘበሰማያትን በልብ ማድረስ ማንንም ከሥራ አያስፈታም፤ ነቢዩ ዳንኤልም የመንግሥት ሹም ሆኖ ሳለ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። የእኛ አቈጣጠር ከጸሎቱ ሰዓት ጋር አንድ ስለ ሆነ ሒሳብ እንኳ አያስፈልግም። ስልካቸውን በፈረንጅ ሰዓት የሞሉ ግን ማንቂያውን ሲያስተካክሉ ያስተውሉ፤ 3 ሰዓት ብለው 9 ሰዓት ላይ የሚያስጮኹ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ ለሠራተኛው ያልተጠበቀ ሲሳይ ሆኖ ያገኘሁት የጾም ቀን የምሳ ሰዓት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ወራትም በሥራው ሳምንት ሁሉ፣ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የምሳው ዕረፍት እንዳለ ይተርፋል። ባልደረቦቹ ወደ ምግብ ቤት ሲወጡ እርሱ የሚሄድበት ከሌለው ያ ሰዓት በወሬና በስልክ ያልቃል፤ በኪሱ መጽሐፍ ካለ ግን ከሳምንቱ ሁሉ ረጅሙና ጸጥ ያለው የጸሎት ጊዜው ይሆናል። ቅዱስ እስጢፋኖስን ወይም ቅዱስ ዑራኤልን ወይም ልደታን በእግር የሚደርስበት ቅርበት ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከአጸዱ ሥር ቆሞ ማድረስ ይችላል። የዚህ ግምገማ መጽሐፍ ኪስ ውስጥ መግባቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁን የቤት ዳዊት ይዞ ቢሮ መመላለስ ለማንም አይመችም።

አሁን ወደ ችግሩ እንመለስ። መጽሐፉ ሁሉን የያዘ በመሆኑ፣ ማውጫውን የገለጠ ሰው ሁሉንም ማድረስ ያለበት ይመስለዋል። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን ከውዳሴው መልኩን፣ ከመልኩ ሰይፈ ሥላሴውን፣ ማታ ደግሞ ዳዊቱን እያስከተልሁ ነበር። ለንስሓ አባቴ መጽሐፉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ማውጫውን ከላይ እስከ ታች አነበቡና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ማን አዘዘሽ?» አሉኝ። ማንም እንዳላዘዘኝ ስነግራቸው «የዘወትሩንና የዕለቱን ውዳሴ ያዢ፤ ማታ ከዳዊት የቻልሽውን ያህል። የቀረውን ለበዓልና ለዕረፍት ቀን አቆዪው» ብለው ዚፑን ዘጉት። ከመጽሐፉ ዋጋ በላይ የጠቀመኝ ይህ ምክር ስለ ሆነ፣ አሳታሚው ለሚቀጥለው ኅትመት «የጸሎትዎን መጠን ከንስሓ አባትዎ ጋር ይወስኑ» የሚል አንድ መስመር በማውጫው ራስ ላይ ቢያክል ብዙዎችን ከመድከምና ከመተው ያድናቸዋል። ጸሎት በብዛት ተጀምሮ ሳምንት ሳይሞላው እንደሚቋረጥ፣ ከዚያ በኋላም መጽሐፉን መግለጥ እንደሚያሳፍር በዚህ የተፈተነ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ዳዊቱ ትንሽ ልዘግይ፤ ጥራዙ በጣም ያባከነው መልካም አጋጣሚ እርሱ ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ተከፍሎ ይደገማል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደረሳል። ይህ ለካህናትና ለገዳማውያን እንዲሁም ጊዜ ላለው ምእመን የተመቸ ነው፤ በቀን 30 መዝሙር ግን ለቢሮ ሠራተኛ ከዐቅም በላይ ነው። ነገር ግን ያው ዳዊት በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ይይዛል። በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግም ሰው በ15 ቀን ይጨርሳል፤ የእኛ ወር 30 ቀን ስለ ሆነ ደግሞ በወር ሁለት ጊዜ በትክክል ይደርስለታል። ወር በገባ በ1 ቀን አንደኛውን ንጉሥ፣ በ2 ሁለተኛውን እያለ ይሄዳል፤ በ16 ዳግመኛ ከአንድ ይጀምራል። አንድ ቀን ቢያልፈው እንኳ ቀኑን አይቶ የቱ ላይ መሆን እንዳለበት ያውቃል እንጂ ያለፈውን ለማካካስ ሲሮጥ አይደክምም። ከመዝሙሮቹ ሁሉ የሚረዝመው 118ኛው የሚገኘው በ12ኛው ንጉሥ ውስጥ በመሆኑ፣ በዚህ አቈጣጠር በወሩ 12 እና 27 ላይ ይውላል፤ እነዚህ የቅዱስ ሚካኤልና የመድኃኔዓለም ቀኖች ናቸውና ብዙ ሰው ያኔ ማልዶ መነሣቱ አይቀርም። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ለነቢያት ጸሎት ይተርፋል።

ይህን ሁሉ የምለው መጽሐፉ ስላልነገረኝ ነው። በእኔ ቅጂ የንጉሡ መለያ ከመዝሙሩ ቍጥር ባልተለየ ቀጭን ፊደል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ እንዲያውም በገጹ ግርጌ ተወሽቆ ይገኛል። በየንጉሡ መነሻ በእርሳስ ከ1 እስከ 15፣ ከሥሩም ከ16 እስከ 30 የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሳታሚው በየንጉሡ መነሻ አንድ ቀይ መስመር ቢያሰምርና የወሩን ቀን ቢያስቀምጥ ወረቀት አይጨምርበትም ነበር። ዝቅ ባለ ዋጋ የሚሸጡ ሌሎች የዳዊት ኅትመቶች ንጉሡን በትልቁ ለይተው ሲያትሙ አይቻለሁና «አይቻልም» የሚባል አይደለም።

ስለ አካሉም እንናገር። ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ በጥንት ጊዜ ዳዊት በትከሻ ይወርድ የነበረበትን የቆዳ ማኅደር ሥራ በከፊል ይሠራል፣ ከዝናብና ከምሳ ዕቃ ቅባት ይጠብቃል። ዚፑ ግን ደካማ ነው፤ የእኔው ከጥምቀት በፊት ጥርሱ ስለ ወለቀ መገናኛ ላይ የሚሠራ አንድ ቦርሳ ጠጋኝ በሌላ ቀይሮልኛል። ውስጡ በስፌት ሳይሆን በሙጫ የተያያዘ በመሆኑ፣ በየቀኑ የሚገለጠው የውዳሴው ክፍል ቀድሞ መላቀቅ ይጀምራል፤ የማይነበበው የኋላው ክፍል ግን እንደ አዲስ እንዳለ ይቀመጣል። ወረቀቱ ስስ ነው፤ መስኮት አጠገብ ሲቆሙ የጀርባው ገጽ ጽሑፍ ወደ ፊት ይዘልቃል። የፊደሉ መጠን በአማርኛው ዓምድ ላይ ይነበባል፤ በግእዙ ዓምድ ግን በጧፍ ብርሃን የኀምሳ ዓመት ሰው ያለ መነጽር የሚያነበው አይደለም። የጌታችን፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም እንደ ብራና መጻሕፍቱ ልማድ በቀይ መታተሙ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር በትክክል ስላልገጠመ፣ በአንዳንድ ገጽ ላይ «ማርያም» የሚለው ስም ከመስመሩ ከፍ ብሎ ከላይኛው ቃል ጋር ይነካካል።

የኅትመት ስሕተቱ ግን ከመልክ ያለፈ ነው። በሐሙሱ ውዳሴ ላይ ከግእዙ ዓምድ አንድ መስመር ተዘልሏል፤ በዚህም የተነሣ ከዚያ በታች ያለው ግእዝና አማርኛ እስከ ገጹ መጨረሻ አይገናኝም። ቃሉን በልቡ የያዘ ሰው ይታረምለታል፤ ከመጽሐፉ የሚማር ወጣት ግን እንደ ተሳሳተው ይለምደዋል። ሠ እና ሰ፣ ኀ እና ሐ፣ ጸ እና ፀ እንደ መጣ ተቀላቅለዋል። የማውጫውም የገጽ ቍጥር ከመልኮቹ በኋላ በጥቂት ገጾች ይዛነፋል። የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰዓት ቆጥሮ የሚጸልይ ሰው ገጽ ሲፈልግ የሚያጠፋው ጊዜ ከጸሎቱ የሚቀነስ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በገበያው ካሉት ተመሳሳይ ጥራዞች አንዳንዶቹ ምንጫቸው ያልታወቀ፣ ጠላትን ስለ ማሰርና ሀብትን ስለ መሳብ የሚያወሩ የአስማት ቃላትን ከቤተ ክርስቲያን ጸሎት ጋር ማቀላቀላቸው ነው። የእኔው ከዚህ ንጹሕ ነው፤ ሌላ የሚገዛ ሰው ግን በቤተ ክርስቲያኗ የሊቃውንት ጉባኤ መታየቱን የሚገልጽ ቃል በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ መኖሩን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል፤ ቢጠራጠርም ለአንድ መምህር ያሳይ።

«ስልክ እያለ መጽሐፍ ለምን?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። ውዳሴ ማርያምም ዳዊትም በስልክ መተግበሪያ በነጻ ይገኛሉ፤ ፊደላቸውን ማጕላት ይቻላል፤ በጨለማም ይነበባሉ። ለመስማትስ ስልኩን አልነቅፈውም፤ ከአያት ወደ ሜክሲኮ በታክሲ የሚመላለስ ሰው፣ መጽሐፍ ለመግለጥ እጁ እንኳ በማይላወስበት ግፊያ ውስጥ፣ የሊቃውንቱን ንባብ በጆሮው እያዳመጠ መሄዱ ከሬዲዮው ጩኸት የተሻለ ነው። ለማድረስ ግን ስልኩን መጽሐፉ ይበልጠዋል። ጸሎቱ መካከል የቴሌግራም መልእክት ከላይ ብቅ ይላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ቡድን ስለ ጠዋቱ ስብሰባ ይጽፋል፤ ጣት ደግሞ ልማዷን ታውቃለችና «ማን ነው?» ብላ ትነካዋለች። ከዚያ በኋላ ወደ ውዳሴው የሚመለስ ሰው ብርቱ ነው። መጽሐፉ መልእክት አይቀበልም፤ ባትሪ አይጨርስም፤ ከታክሲ ሲወርዱ ደግሞ ሌባ አይመኘውም።

እዚህ ላይ ታክሲ ውስጥ መጸለይ ራሱ ተገቢ ነው ወይ የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። መጽሐፉ በመግቢያው እንደሚያዝዘው ጸሎት በመቆም፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ በመመለስ፣ በማማተብና በመስገድ፣ ነጠላን በመስቀለኛ በመልበስ ይደረሳል፤ ይህ ደግሞ በወንበር ላይ ተጨናንቆ የሚሆን አይደለም። የእኔ ሐሳብ፣ የመንገዱ ንባብ የቤቱን ጸሎት ማዳበሪያ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን የሚል ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንኳ ቢሆን፣ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሥዕለ አድኅኖ ሰቅሎ መጋረጃ ያደረገበት፣ መጽሐፉንም ከሥሩ የሚያኖር ሰው፣ ማለዳ ሲነሣ ወዴት እንደሚዞር እግሩ ያውቀዋል። መጽሐፉን ሁልጊዜ በቦርሳ ብቻ መያዝ ያስከተለብኝ ጉዳት ይህ ነበር፤ ቦርሳው ደግሞ ሲከፈት ቁልፍና ደረሰኝ እንጂ ጸሎት አያስታውስም። ስለዚህ ሌሊት መጽሐፉን ከቦርሳ አውጥቶ ሥዕሉ ሥር ማሳደር፣ ጠዋት ከጸሎት በኋላ መልሶ መክተት የተሻለው መንገድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከጎደሉት ነገሮች ሁሉ ያሳዘነኝ የቅዳሴው ተሰጥዎ ነው። ይህን ሁሉ መልክ ያከማቸ ጥራዝ፣ ምእመናን በቅዳሴ ጊዜ የሚመልሱትን ለማካተት ቦታ አጣ ማለት ይከብዳል። ለሠራተኛው የሳምንቱ ዋና ጉዳይ የእሑድ ቅዳሴ ነው፤ በአዘቦት ቀን በጾም ጊዜ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን፣ በበዓላትም ማለዳ ተጀምሮ ከቢሮ መግቢያ ሰዓት ስለሚያልፍ፣ ፈቃድ ሳይወስድ ሊካፈለው አይችልም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ካህኑና ዲያቆኑ የሚሉትን የሚከተልበት፣ ሕዝቡ የሚመልሰውንም የሚመልስበት ገጽ ቢኖረው መጽሐፉ ሰባተኛውንም ቀን በሸፈነ ነበር። ጸሎተ ኪዳንም የለውም። በየአጥቢያው ማለዳ የሚደርሰው ኪዳን ወደ ሥራ ሲያልፉ ሊያገኙት የሚቻል ብቸኛው የቤተ ክርስቲያን የማኅበር ጸሎት በመሆኑ፣ የነግሁ ኪዳን እንኳ ቢገባ የብዙ ሰው ማለዳ በተቃና ነበር። የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫም ቢኖር ጥሩ ነበር፤ ስለ እርሱ ግን የግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ስላለ ብዙ አልከራከርም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች በሻንጣ ከሚላኩት ነገሮች ይህ መጽሐፍ ከበርበሬና ከሽሮ ቀጥሎ የሚመጣ ይመስለኛል። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ሰዓቷ የራሷ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የምትደርሰውም የዕረፍት ቀን ከተሰጣት ነው። ለእርሷ ሦስት ጣት የሚወፍር መጽሐፍ ሳይሆን፣ ትራሷ ሥር የምታኖረው፣ ሁሉ ከተኛ በኋላ በአነስተኛ ብርሃን የምታነበው ትልቅ ፊደል ያለው ቀጭን ውዳሴ ነው የሚያስፈልጋት። የሚልኩ ሰዎች ወፍራሙን የሚመርጡት ስጦታው እንዳያንስ ስለሚሰጉ ነው፤ ተቀባይዋን ቢጠይቋት መልሱ ሌላ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ይህን ጥራዝ ማን ይግዛው? ግእዙን የሚያውቅ፣ ጸሎቱ የቆየ፣ በበዓል ቀን መልኩንና ድርሳኑን ማድረስ የለመደ፣ ሲጓዝም ሁሉን በአንድ መያዝ የሚሻ ሰው ይጠቀምበታል፤ ሙጫው ሳይላቀቅ በፊት መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ወስዶ በክር ቢያሰፋው ደግሞ ዓመታት ያገለግለዋል። ገና ለሚጀምር፣ ወይም ጀምሮ ለተወና ዳግመኛ ለመያዝ ለሚፈልግ ሰው ግን አልመክረውም። እርሱ ከዚያው መደርደሪያ ሥር ካለው ረድፍ ሁለት መጻሕፍት ይምረጥ፤ አንዱ የዘወትር ጸሎትና ውዳሴ ማርያም ብቻ የያዘው ቀጭን ጥራዝ፣ ሁለተኛው ንጉሡ በትልቁ ተለይቶ የታተመበት መዝሙረ ዳዊት ነው። ቀጭኑን ለቦርሳ፣ ዳዊቱን ለቤት ያድርግ። የዳዊቱ ጥራዝ እንደ ጥንቱ ልማድ ከመዝሙሩ በኋላ የነቢያትን ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይንና ውዳሴ ማርያምን የሚያስከትል ከሆነ የተሻለ ነው። ሱቅ ውስጥ ሳሉም የሐሙሱን ውዳሴ ገልጠው ግእዙና አማርኛው እስከ ገጹ ግርጌ መገናኘታቸውን ይመልከቱ፤ ሻጮቹ ይህን ሲያደርጉ አይከፋቸውም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲገዙ የሚከፍሉት ሒሳብ ዚፕ ላለው ለዚህ ጥራዝ ከሚጠየቀው ያነሰ ነው።